ተራ ሰውና ተራራ፦ ስለ ራስ ዳሸን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቱሪዝምና ለብሔራዊ ፓርኮች ጉዳይ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ተራ ሰው ለምን ተራራ እንደሚወጣ ስለማሳወቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። 31 ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ «ራስ ዳሸን፣ 4,620 ሜትር» ብዬ ጽፌያለሁ። ተማሪ ይገለብጣል፣ እኔ ደብተር አርማለሁ፣ ሰኔ ላይ በፈተና ይመጣል። ያስተማርኳቸው ልጆች ብዙ ነገር ረስተዋል፤ የምድር ወገብ በየት በየት አገር እንደሚያልፍ ብትጠይቋቸው ይንተባተባሉ። ይህን ቁጥር ግን ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸውም ይነግሯችኋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ታዲያ አንድም ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ አፍር ነበር።

ያየሁት ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ በ2011 ዓ.ም. የጥር እረፍት ላይ ነው። ጎትታ የወሰደችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ባንክ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ኮስተር ተሳፍረው ተራራ ከሚሄዱት ወጣቶች አንዷ ናት። እነዚህን ልጆች መቼም አይታችኋቸዋል። ወንጪ፣ የረር፣ መናገሻ፣ ዝቋላ፤ ቁርስ፣ ቡናና ፎቶ አንሺ በዋጋው ውስጥ ተካቷል። ነጭ ስኒከር አድርገው ሄደው ቡናማ ስኒከር አድርገው ይመለሳሉ። እኔም እንደ እኩዮቼ «ሥራ ፈት» እላቸው ነበር። አሁን ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለነሱ ነው፤ ስለ እኔም ጭምር።

ተራ ሰው ስል ገመድ አስሮ ገደል የማይንጠለጠለውን፣ በረዶ መውጫ ጫማ ያልገዛውን፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባውን ማለቴ ነው። ይህ ሰው ከዓለም ተራሮች ሁሉ ጥቂቱን መርጦ ይሄዳል። ሌላውን ዘወር ብሎም አያየውም። ለምን?

በስብሰባዎቻችሁ ተቀምጬ አላውቅም፤ በቴሌቪዥን ግን እከታተላለሁ። ስለ ተራራ ሲወራ በቅድሚያ ቁመቱ ይጠቀሳል፤ ቀጥሎ ውበቱ፤ ከዚያ ወደ ሎጅ ይገባል። ሙያዬ ነውና በቁመቱ ልጀምር። ዌልስ ውስጥ ስኖውደን የሚባል ተራራ አለ፤ የአገሩ ሰዎች ኧር ዊዝቫ ይሉታል። ቁመቱ 1,085 ሜትር ነው። ድሬዳዋ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣ ሰው ከስኖውደን ጫፍ በላይ ተቀምጧል። ሆኖም በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይወጣዋል፤ በበጋ ጫፉ ላይ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ ይያዛል። መራመድ ላቃተውም ከ1896 ጀምሮ ባቡር አለ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው፤ የራሴ ጉዞ ሲሆን በእኛው)።

የጃፓኑ ፉጂ 3,776 ሜትር ነው። አውቶቡስ ተሳፋሪውን የሚያወርደው 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የተቀራረበ ነው። እንጦጦ ጫፍ የቆመ ሰው በፉጂ ሂሳብ ከመንገዱ ግማሹን አልፏል። እኛው ስሜን ተራሮች ውስጥ ከጨነቅ ወደ ጃናሞራ በጭነት መኪና የሚሳፈር ገበሬ ደግሞ ከገብሱ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠ ከፉጂ ጫፍ በላይ ያልፋል፤ «ጎበዝ» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ግን የለም። ቁመት ሰው የሚጠራ ቢሆን ጉና፣ ጮቄና አቡነ ዮሴፍ በእግረኛ ብዛት መንገዳቸው በተቦረቦረ ነበር። ሦስቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው።

ውበትም አይደለም። ፉጂ ከሩቅ ሲታይ ነው የሚያምረው፤ ላዩ ላይ የሚሄድ ሰው የሚያየው አመድ የሚመስል ድንጋይና የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ነው።

ነገሩን መረዳት የጀመርኩት የሴት አያቴን በማስታወስ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለመጋቢት አቦ ዝቋላ ይዛኝ ወጣች። ወሩ የሑዳዴ ነው፤ የቋጠረችው በሶና ቆሎ ብቻ ነበር። ጫማዋን ከሥር አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ አሰረችው። ዝቋላ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ የጠፋ እሳተ ገሞራ መሆኑን፣ ከላይ ያለው ሐይቅም የእሳተ ገሞራው አፍ ላይ የተጠራቀመ ውኃ መሆኑን እኔ በኋላ ነው የተማርኩት። ለእሷ የአባታችን የገብረ መንፈስ ቅዱስ ደጅ ነው። በሕይወቷ «ተራራ ወጣሁ» ብላ አታውቅም። «አቦን ተሳልሜ መጣሁ» ነበር የምትለው።

በዚያ መንገድ ላይ ያየሁትን አሁን በተራራ ሁሉ አየዋለሁ። ብቻውን የሚወጣ የለም። የደከመውን የማያውቀው ሰው ክንዱን ይይዘዋል። ከላይ የሚወርደው ደግሞ ይዋሻል። ከተራራ የሚወርድ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው፦ «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል፣ ይቺን ዳገት ብቻ!» ይላል። ዳገቷ ታልፋለች፤ ሌላ ዳገት ትመጣለች፤ ሌላ ወራጅ ይመጣና «ደርሳችኋል» ይላል። ሰው በዚህ ውሸት እየተደገፈ ይደርሳል። ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ይህን የሚዋሽልህ የለም፤ ስለዚህ ከግማሽ መንገድ ትመለሳለህ። ብዙ ሰው ያለበት ተራራ ብዙ ሰው የሚጠራው ለዚህ ይመስለኛል። የለመዱት ተራራ ወጪዎች ግርግሩን ይጠሉታል፤ ለጀማሪ ግን ድፍረቱ ያለው ግርግሩ ውስጥ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ ፊቴ እየወጡ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?

ከላይ ስንደርስ አያቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳለመች። ከዚያ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ቆሎዋን ፈታች። አለቀ። ይህን «አለቀ» የሚለውን ነገር ልብ በሉልኝ። ዝቋላ ላይ የሚሳም ደጃፍ አለ። ግሸን ላይ አለ፤ ለመስከረም 21 አምባሰልን የሚያጨናንቀው ሕዝብ የሚሄደው ወደ አንድ የታወቀ ደጅ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የለም፤ ከዚያ በፊት መቆምም የለም። ተራ ሰው እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መጨረሻ ይወዳል። የቢሮ ሥራ መጨረሻ የለውም፤ የቤት ወጪም፤ የኮንዶሚኒየም ቁጠባም። ተራራ ላይ ግን ጫፍ የሚባል ነገር አለ፤ እዚያ ደርሰህ ከሰዓት በፊት መጨረስ ትችላለህ። ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ሰዎች እያለቀሱ ሲያቅፉት ፎቶውን አይታችሁ ይሆናል። ያ ሰሌዳ ደጃፍ ነው።

ጃፓኖች ዘንድ ያነበብኩት ነገር ደግሞ የበለጠ ወደ ቤቴ አመጣኝ። በድሮ ዘመን፣ ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ጊዜ፣ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ፉጂን መሳለም ይመኛል፤ ስንቁና የመንገዱ ወጪ ግን አይቻለውም። ምን አደረጉ? ማኅበር አቋቋሙ። ፉጂኮ ይባላል። እያንዳንዱ አባል በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሳቸው በሁሉም ስም ሄደው ይወጣሉ። ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ሳቅሁ። ይህማ እቁብ ነው! የሚለየው የእቁብ ዕጣ የደረሰው ቴሌቪዥን ሲገዛ፣ እነሱ ተራራ መግዛታቸው ብቻ ነው። በሽምግልና ወይም በሕመም መሄድ ለማይችለው ደግሞ ከፉጂ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አምጥተው በሰፈሩ ውስጥ ትንንሽ ፉጂዎች ሠሩለት፤ የአንድ ቤት ቁመት ያላቸው ጉብታዎች። ሴቶች እስከ 1872 ድረስ ወደ እውነተኛው ጫፍ እንዳይወጡ ተከልክለው ስለነበር በነዚህ ትንንሾቹ ላይ ይወጡ ነበር። ከእነዚህ ጉብታዎች አንዳንዶቹ ዛሬም ቶኪዮ ውስጥ አሉ።

እንግዲህ ዛሬ በየበጋው ፉጂን የሚያጥለቀልቀው ሕዝብ በአውሮፕላን ማስታወቂያ የመጣ አይደለም። ተራራው ከብዙ ትውልድ በፊት የተራ ሰው ንብረት ሆኖ ነበር። ያልወጣውም የእኔ ነው ይለዋል።

ኪሊማንጃሮ በሌላ መንገድ ነው እዚያ የደረሰው። 5,895 ሜትር ላይ ያለ ገመድ፣ ያለ ልዩ ሙያ በእግር መድረስ መቻሉ አንድ ነገር ነው። ስሙ ሌላ ነው፦ የአፍሪካ ጣሪያ። በ1961 ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ አካል) ነፃ ስትወጣ ጫፉ ላይ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ችቦ ተለኮሰ፤ ጫፉም ኡሁሩ፣ ነፃነት ተባለ። ከአዲስ አበባ ተነስተህ የምታርፍበት አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ በተራራው ስም ይጠራል። ሥርዓቱም የታወቀ ነው። አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው፤ ተሸካሚው ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጫንበት ይመዘናል፤ የመጨረሻው ቀን ጉዞ በእኩለ ሌሊት ይጀመራል። መሪዎቹ ቀኑን ሙሉ «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ የእኛ እንቁላል በእግሩ የሄደበት ዘዴ ማለት ነው። ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። በከፍታ በሽታ ከመንገድ የሚመለስ ብዙ ነው፤ የሚሞትም አለ። የቸኮለ ይታመማል፤ አንድ ሁለት ቀን የጨመረ የተሻለ ይደርሳል። ግን ሰውየው አገሩ ሲመለስ «ኪሊማንጃሮ ወጣሁ» ካለ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። አክስቱም፣ አለቃውም፣ ጎረቤቱም ያውቁታል። ተራ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚሆን ፈቃድና ገንዘብ ሲያገኝ ማንም በማያውቀው ተራራ ላይ አያጠፋውም፤ እኔም አላጠፋም።

ወደ ራሳችን ልምጣ።

ራስ ዳሸን ይህ ስም አለው። ጃናሞራና በየዳ ራስ ደጀን ይለዋል፤ መጽሐፉ ራስ ዳሸን አለው፤ የትኛውም ይሁን፣ ትምህርት ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። ባንክ በስሙ ተሰይሟል፤ ቢራ በስሙ ይጠጣል። ይህን ማስታወቂያ በገንዘብ አትገዙትም፤ እኛ መምህራን በጠመኔ ሠርተን ጨርሰንላችኋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ልቡ ውስጥ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ይኖራል። የጎደለው ከደብተሩ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ነው። መንገድ ስል አስፋልት ማለቴ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

እኛ የሄድነው ስድስት ሆነን ነው። ከደባርቅ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ከነጠመንጃው፣ አንድ ምግብ አብሳይና ሁለት በቅሎ ያዝን። ሳንቃ በር አደርን፤ ግጭ አደርን፤ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ እንደ ገበያ ሲንጫጩ ዋልን። ጨነቅ ላይ ዋልያ አየሁ፤ በምድር ላይ ከዚህ ተራራ ሌላ ቤት የሌለው እንስሳ ነው፤ ይህንንም ሳላየው ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ከዚያ ነው ተራራው የቀለደብኝ። በቧሂት ማለፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከወጣን በኋላ ያን ሁሉ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወረድነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ! ጉልበቴ «ይህን ለምን ወጣነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ከወንዙ ተሻግረን ወደ አምቢቆ ስንወጣ ማገዶ የተሸከሙ እናት ከላይ መጡ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው አዩኝ። «ምን ጠፍቶብህ ነው የኔ ጌታ?» አሉኝ።

ስካውቱ ሊመልስልኝ ፈለገና ተወው። እኔም «ጫፉን ላየው ነው እናቴ» አልኩ። «ጫፉማ ድንጋይ ነው» አሉና ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ።

ትክክል ናቸው፤ ድንጋይ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን፣ ውኃችን በላስቲክ ውስጥ ግግር ሆኖ፣ ረፋድ ላይ ደረስን። የመጨረሻዋን በእጅም እየያዙ ነው የሚወጧት፤ ከታች የእህቴ ልጅ ጫማዬን እየገፋች፣ ከላይ ስካውቱ «አይዞዎት ጋሼ፣ ደርሰዋል» እያለ፤ ያን ጊዜስ እውነቱን ነበር። ላዩ ላይ ያገኘሁት የድንጋይ ክምር ነው። ዙሪያውን ስመለከት ለዓይን እኩያው የሚመስሉ ጫፎች አሉ፤ አንዱማ ይበልጣል ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ከፍታውን አነበበች። «4,550 ምናምን ይላል፤ 4,620 ነበር ያስተማርከን አይደል?» አለችኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አሁንም ይከነክነኛል። ስመለስ ሳገላብጥ አዳዲሶቹ ልኬቶች በ4,533 እና በ4,550 መካከል ሆነው አገኘኋቸው። 31 ዓመት ሙሉ ተራራው ላይ ሦስት ያህል የሰባት ፎቅ ሕንፃ ደርቤ አስተምሬያለሁ ማለት ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የመንገዱ ሰላም በእናንተ እጅ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ስለሱ አልጽፍም፤ ይህን የምጽፈው ለሚከፈትበት ቀን ነው።

መጀመሪያ፣ እባካችሁ ወደ ጫፉ መኪና የሚያደርስ መንገድ አትሥሩ። ባሌ ውስጥ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ወጥቼበታለሁ፤ ከመኪና ወረድን፣ ብርድ አንቀጠቀጠን፣ ተመልሰን ገባን። ለአንድም ሰው «ቱሉ ዲምቱን ወጣሁ» ብዬ አልተናገርኩም፤ አልወጣሁትማ። ራስ ዳሸን ላይ መኪና የደረሰ ቀን ጫፉ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ሎጅም ካላችሁ ይሁን፤ ለውጭ እንግዳ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ መምህርና አንዲት የባንክ ሠራተኛ የሚፈልጉት ለስድስት ሰው አንድ ስካውት የሚካፈሉበት፣ የበቅሎው ዋጋ በግልጽ የተለጠፈበት፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና ከንፋስ የሚጋርድ መጠለያ ያለበት መንገድ ነው። የአምቢቆ ሰው እንጀራና ሽሮ ቢሸጥልን ከማንኛውም ቆርቆሮ ምግብ እንመርጠዋለን፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የማገዶ ሸክም ያዘሉት እናት ያን ጊዜ «ምን ጠፍቶብህ ነው» ማለታቸውን ባይተዉም፣ ቡና አፍልተው ይጠይቁናል።

ወቅትም ወስኑለት። ፉጂ በሐምሌና በነሐሴ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያንን ጊዜ እያሰበ ይቆጥባል። የእኛ ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ስሜን አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩም የታጠበ ነው። «የራስ ዳሸን ወር» ቢባል እቁብ የሚጥል አይጠፋም።

ሕዝቡ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማቆም እንደሚከብድ ከወዲሁ እወቁ። የያማናሺ አስተዳደር ዮሺዳ በሚባለው የፉጂ መንገድ ላይ በ2024 የቀን ተጓዡን በ4,000 ሰው ለመወሰንና 2,000 የን ለማስከፈል ተገዷል፤ በማግሥቱ ዓመት ክፍያውን እጥፍ አደረገው። የሚያስጨንቀው ቆሻሻውና ሌሊቱን ያለ ዕረፍት ሲወጣ አድሮ የሚወድቀው ሰው ነበር። ስሜን ፓርክ ደግሞ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ ነው የወጣው። ዋልያው ከሰው ቀድሞ እዚያ ነበር። ቁጥር ገድቡ፤ ግን መጀመሪያ የሚገደብ ሰው ይኑር።

የመጨረሻው ልመናዬ ገንዘብም አያስወጣም። ዛሬ የልጆች አባትና እናት ከሆኑት የቀድሞ ተማሪዎቼ አሥራ አራቱ የጉዞውን ታሪክ ሰምተው፣ ባለፈው ዓመት አብረን እቁብ ጀምረናል። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ዕጣ ግን አናወጣም፣ ሁላችንም አብረን እንሄዳለን። አንዷ አናጺ ናት፤ ጫፉ ላይ የሚተከል የእንጨት ሰሌዳ በነፃ ልሥራ ብላለች። ፈቃድ ከሰጣችሁን በበቅሎ አድርሰን እንተክለዋለን። ስሙን ራስ ደጀን ወይስ ራስ ዳሸን እንበል የሚለውን ክርክር ሁለቱንም በመጻፍ ጨርሰነዋል። ከሥሩ ግን ባዶ ቦታ ትተናል። ለክተው ይንገሩን፦ ስንት ሜትር ብለን እንጻፍ?

ከሰላምታ ጋር

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር
አዲስ አበባ